የቦሎ ወንበር

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሚኒባስ በተሳፈርኩ ቁጥር እጄ አልታዘዝ ይለኛል። ከመቀመጤ በፊት የፊቴን ወንበር መደገፊያ በሁለት እጄ ይዤ እነቀንቀዋለሁ። በቀደም ከአዳማ ወደ ሞጆ ስሄድ ረዳቱ አየኝና፣ "ፋዘር፣ ሊገዙት ነው እንዴ?" አለኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ወንበሩ ግን ይነቃነቅ ነበር፤ ነገርኩት። "እሱማ ዕድሜው ነው" ብሎ በሩን ወርውሮ ዘጋው።

የሠላሳ አንድ ዓመት እንጀራዬ ይኸው ነበር። የተሽከርካሪ መርማሪ ነበርኩ፤ ሰው በአጭሩ "የቦሎ ሰውዬ" ይለን ነበር። መኪና በዓመት አንዴ ይመጣል፣ እናየዋለን፣ ለመንገድ ብቁ ከሆነ ያቺ ወረቀት መስታወቱ ላይ ትለጠፍለታለች። በአዳማ ጀመርኩ፣ ባቱ ሠራሁ፣ ቡልቡላ በየወሩ እየተመላለስኩ መኪና አየሁ፣ መቂ አራት ዓመት ቆየሁ፣ መጨረሻዬ ደግሞ እንደገና አዳማ ሆነ። ስለ ደመወዙ ባላወራ ይሻላል፤ የዝውውር ደብዳቤዎቼም አንድ ፌስታል ይሞላሉ። ብዙ ፍሬን፣ ብዙ መሪ፣ ብዙ ጎማ አይቻለሁ። ዕድሜዬን የበላው ግን የተማሪ ሰርቪስ ነው።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ቱፋ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጫማቸው ሁልጊዜ የተወለወለ ሰው ነበሩ። መጀመሪያ አብሬያቸው የሠራሁ ዕለት አንድ የተማሪ መኪና መጣ። ጋሽ ቱፋ ጫማቸውን አወለቁና በሩ ሥር ደርድረው አስቀመጡ፤ ከዚያ ተንበርክከው በጉልበታቸው ወደ ውስጥ ገቡ። አንድ ነገር የወደቀባቸው መሰለኝ።

"ምን ጠፋብዎት ጋሼ?" አልኳቸው።

"ቁመቴ" አሉኝ። ቀና ብለው አዩኝና፣ "አንተ ቆመህ የምታየው ጣሪያውን ነው። የሰባት ዓመት ልጅ የሚያየው ከዚህ ነው። ና፣ ተንበርከክ።"

ተንበረከክሁ። ከዚያ ከፍታ ሲያዩት መኪናው ሌላ መኪና ነው። የተላጠው ላሜራ አፉን ከፍቶ የሚጠብቀው ልክ ዓይን ላይ ነው። ከበሩ አጠገብ የተተከለችው መያዣ ብረት ግንባር ላይ ትደርሳለች። ጋሽ ቱፋ እያንዳንዱ ወንበር ላይ ይቀመጡና ግንባራቸው የፊተኛውን መደገፊያ እስኪነካ ድረስ ወደፊት ያጎነብሳሉ። ከዚያ ግንባራቸው ያረፈበትን ቦታ በመዳፋቸው ይጫኑታል። ስፖንጁ ሥር ብረት ካገኙ በጠመኔ ያሰምሩበታል።

"መኪና ፍሬን ሲይዝ የሚቆመው መኪናው ነው" ይሉኝ ነበር፤ "ልጁ ገና አልቆመም፣ እየሄደ ነው። ልጁን የሚያቆመው ይሄ የፊቱ ወንበር ነው። እንግዲህ ይሄ ወንበር ሁለት ነገር ማወቅ አለበት፤ አንደኛ ራሱ ከወለሉ እንዳይነቀል፣ ሁለተኛ የመጣበትን ልጅ እንዳይሰብር።"

በመጨረሻ ወደ ኋላ በር ይሄዱና በካልሲያቸው ይረግጡታል። ብዙ ሰው ሌባ ፈርቶ የኋላውን በር በይዶት ይመጣ ነበር። ካልተከፈተ ጋሽ ቱፋ ጫማቸውን እያደረጉ አንዲት ቃል ብቻ ይናገራሉ፤ "ሂንተኡ።" አይሆንም ማለታቸው ነው። ኦሮምኛ የማይሰማ የአዳማ ባለመኪና እንኳ ያቺን ቃል አሳምሮ ያውቃታል።

አለቆችስ ብዙ ነበሩኝ። አንዱ ስብሰባ ይወዳል፣ አንዱ ማህተሙን ከልጁ አስበልጦ ይወዳል፣ ባቱ ላይ የነበረው ደግሞ ሰው ማስቀየም አይወድም። ከሦስቱ ለሥራዬ የከበደኝ የመጨረሻው ነው፤ ደግ አለቃ "እስኪ ለዛሬ እለፋቸው" ሲል እምቢ ማለት ይከብዳል።

በዚያ ሁሉ ዓመት ያላየሁት ብልሃት የለም። ቡልቡላ ላይ አንዱ ባለመኪና በየወንበሩ የደኅንነት ቀበቶ አስሮ መጣ። ደስ አለኝ፤ ጠጋ ብዬ አንዱን ጎተትኩት። ከነወንበሩ ልብስ ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ቀበቶውን የሰፉት ጨርቁ ላይ ነበር። ሰውዬው ተቆጣኝ፤ "ጎተቱታ! ቀስ ብለው ቢይዙት ምን ነበረበት?"

ይህን እያስታወስኩ እስቃለሁ። የመቂው ግን አያስቅም።

መቂ እያለሁ በአንድ ሳምንት ውስጥ የአንድ ባለንብረት ሁለት ቅጥቅጦች መጡ። ቅጥቅጥ የምንለው የጭነት መኪና የሥር አጥንት በሆነው ሻንሲ ላይ ጋራዥ ውስጥ ላሜራ እየቀጠቀጡ አውቶቡስ ያደረጉትን ነው። ሁለቱም ተማሪ የሚያመላልሱ ነበሩ። ሰኞ የመጣው ወንበሩ ጥሩ ነው፣ ብሎኑ ጥሩ ነው፤ አሳለፍኩት። ሐሙስ ሁለተኛው መጣ፤ እሱም ወንበሩ ጥሩ ነው። ከሾፌሩ ጀርባ ያለው ሁለተኛ ወንበር ላይ ተቀዶ የተሰፋ ቦታ አየሁ። ልብሱ ቡናማ ነው፤ የተሰፋበት ክር አረንጓዴ። ሰኞ ዕለትም በዚያው ቦታ አረንጓዴ ክር አይቻለሁ።

አየሁት። አላየሁም ብዬ ልዋሽ አልችልም። "ሰፊው አንድ ሰው ይሆናላ" አልኩ ለራሴ። ምሳ ሰዓት ደርሷል፣ ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ደርሷል፣ ባለንብረቱም ሰላምታው ጥሩ ነው። ፈረምኩ።

ወንበሩ፣ በኋላ እንደተረዳሁት፣ የውሰት ነበር። ለቦሎ ጎማ መዋዋስ፣ እሳት ማጥፊያ መዋዋስ በእኛ አገር የታወቀ ነው፤ ጎረቤት ለሠርግ ድስት እንደሚዋዋሰው። ሙሉ ወንበር ግን ይዋሳሉ ብዬ አላሰብኩም። ሰውዬው ወንበሩን ከአንደኛው መኪና ነቅሎ ለሁለተኛው ገጠመው፤ ቦሎው ሲለጠፍ ፈትቶ መለሰው። ሁለተኛው መኪና ዓመቱን ሙሉ የሚሄደው በግድግዳው ዳር በተዘረጋ አግዳሚ እንጨት ነው፤ አግዳሚ ብዙ ልጅ ይይዛላ። እንጨቱም ወለሉ ላይ ተቀመጠ እንጂ አልታሰረም።

ሁለት ወር ሳይሞላ ከከተማው መውጫ ላይ ሽንኩርት የጫነ የአህያ ጋሪ ድንገት መንገድ ገባ። ሾፌሩ ጋሪውን አዳነ፤ ዳር ቆሞ የነበረ የጭነት መኪና ኋላ ግን ገጨ። ሲሄድ የነበረው በዝግታ ነው። ወንበር ቢኖር ኖሮ ልጆቹ ደንግጠው ይወርዱ ነበር። አግዳሚዎቹ ግን ከነልጆቹ ወደፊት ተወረወሩ። እግዜር ይመስገን የሞተ የለም። ሐዊ የምትባል የስምንት ዓመት ልጅ ጭኗ አግዳሚው ሥር ተሰበረ።

ሪፖርቱ ሾፌሩ ርቀቱን አለመጠበቁን ጽፎ ተዘጋ። ስለ ወንበር እኔን የጠየቀኝ የለም። ሆስፒታል የሄድኩት በራሴ እግር ነው። የሐዊ አባት አቶ ቦሩ ሽንኩርት አምራች ናቸው፤ የእርሻ ቦት ጫማቸውን ሳያወልቁ አልጋው አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

"አካም ጅርቱ" ብዬ እንዴት እንደሆኑ ጠየቅኋቸው።

"ነጋ፣ ሰላም ነው፣ እግዜር ይመስገን። ማን ልበል?"

"መኪናውን ለቦሎ ያየሁት እኔ ነኝ።"

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢመቱኝም አልሸሽም ነበር። እሳቸው ግን፣ "ታዲያ ምን አዩ?" አሉኝ። ቁጣ የለበትም፤ የምር ማወቅ ፈልገው ነው የጠየቁኝ። አረንጓዴ ክር ልበላቸው? ያን ዕለት ያፈርኩትን ያህል በዕድሜዬ አፍሬ አላውቅም። ሐዊ ከወራት በኋላ ቆማ ሄደች፤ አንድ እግሯ ግን ትንሽ ያነክሳል።

ሆስፒታል በሄድኩ በማግስቱ ወለንጪቲ ወረድኩ። ጋሽ ቱፋ ጡረታ ወጥተው እዚያ ከብት ያረቡ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። ያጽናኑኛል ብዬ ነበር፤ አላጽናኑኝም።

"ክሩን አይተሃል?"

"አይቻለሁ።"

"ሰኞም አይተሃል፣ ሐሙስም አይተሃል።"

"አዎ ጋሼ።"

ከበረቱ አጥር ላይ ተደገፉና አንዲት ቀይ ላም አሳዩኝ። "ይቺ የማን ናት?"

"የእርስዎ ናታ።"

"በምን አወቅህ? ጎረቤቴም ቀይ ላም አለው።"

ላሟ ታፋ ላይ በብረት የተተኮሰ ምልክት ነበረ። አሳየኋቸው።

"እንግዲህ" አሉኝ፤ "ከብት እንኳ እንዳይለዋወጥ እንተኩሳለን። ወንበሩን ለምን አትተኩሰውም?"

ወንበር በእሳት አይተኮስም፤ የቁጥር መምቻ ብረት ግን አለ። በመዶሻ ሲመቱት ቁጥሩ ብረቱ ውስጥ ይቀራል። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የተማሪ መኪና ሲመጣ የእያንዳንዱ ወንበር እግር ላይ የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥር እመታለሁ። ከእግሩ ሥር ባለው የወለል ብረት ላይም ያንኑ ቁጥር እደግመዋለሁ። እግሩና ወለሉ አንድ ቁጥር ካልሆኑ ወንበሩ የቦሎ ወንበር ነው፤ የውሰት ነው ማለት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ስንት እንዳገኘሁ ብነግራችሁ አታምኑኝም። የጋራዥ ሰዎች "ማህተሙ" የሚል ስም አወጡልኝ። አለቃዬ ጠርቶ፣ "በየትኛው መመሪያ ነው ይህን የምታደርገው?" አለኝ። "የሚከለክለውን መመሪያ ያሳዩኝና አቆማለሁ" አልኩት። ፋይሉን ሲፈልግ ተዛወርኩ።

አዳማ ከተመለስኩ በኋላ፣ ጡረታዬ ሊደርስ ወራት ሲቀሩት፣ ወይዘሮ ሙሉነሽ አውቶቡሷን ይዛ መጣች። ሰርቪስ የምታሠራ ብርቱ ሴት ናት፤ ሾፌሮቿ ከእኔ ይልቅ እሷን ይፈሯታል። መኪናው ሲያዩት ያምራል፤ ወንበሩ አዲስ፣ መደገፊያው ረጅም፣ ስፖንጁ ወፍራም፣ ቀበቶው የምር ቀበቶ። ተንበርክኬ ዞርኩት፣ ወንበሮቹን ነቀነቅኩ፤ ንቅንቅ አይሉም። ከዚያ ከመኪናው ሥር ገባሁ።

ከላይ ያማረው ብሎን ከታች ሲታይ የያዘው ስስ ላሜራ ብቻ ነው። ጫፉን የምታጠብቅ ዳዶና አንዲት ትንሽ ክብ ሮንዴላ አለችው፤ ሌላ ምንም። እንዲህ ያለ ብሎን በእጅ ቢነቀንቁት ጠንካራ ይመስላል። ሠላሳ ልጅ ባንድ ጊዜ ወደፊት ሲሄድ ግን ከሳሳ ሸሚዝ ላይ እንደሚነቀል አዝራር ላሜራውን ቀዶት ይወጣል። የሚፈለገው ከላሜራው ሥር ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት ነው፤ ብሎኑ ብረቱን ይይዛል፣ ብረቱ ደግሞ ከሻንሲው ጋር ይያያዛል።

"ሂንተኡ" አልኳት።

"ምኑ? ወንበሩ ከእኔ ሳሎን ወንበር ይበልጣል!"

"ይበልጣል። የተተከለበት ነው የማይሆነው።"

"ልጅ እኮ ነው የምጭነው እንጂ ስሚንቶ አይደለም! ሁለት ልጅ ተደምሮ አንድ ሰው አይሞላ፤ ምን ያህል ቢከብድ ነው ብሎን የሚነቅለው? ሰኞስ ልጆቹን በምን ላምጣ?"

መኪናውን አገድኩት። በዚያው ቀን ልጄ ትዕግሥት ደወለች። ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስፌት ላይ ነው የምትሠራው። ልጇ ኬና የስድስት ዓመት ልጅ ነው፤ ትምህርት ቤት የሚመላለሰው በዚያው መኪና ነው።

"አባዬ፣ የኬናን ሰርቪስ ያስቆምከው አንተ ነህ አሉ፤ እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

"እኔ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ፓርኩ በር ላይ መገኘት አለብኝ። ልጁን በምን ልላከው? በባጃጅ?"

"እንግዲህ ቀስ ብሎ የሚነዳ ባጃጅ ፈልጊ።"

"ለብሎን ተጨነቅህ፣ ባጃጅ እኮ በር እንኳ የለውም አባዬ!"

እውነቷን ነው። ይህ ነገር መጽሐፍ ላይ የለም። መኪናውን ባሳልፈው ሠላሳ ልጅ እሱ ላይ ይሄዳል፤ ባግደው ሠላሳው ልጅ በባጃጅ ይበተናል። ባሳልፍም ፈራሁ፣ ባግድም ፈራሁ። ያን ሰሞን ስልክ በጮኸ ቁጥር ሮጬ አነሳ ነበር። ከልጆቹ አንዱ ባጃጅ ላይ ቢጎዳ "ማህተሙ ነው ያስጎዳው" ነው የሚባለው፤ እኔም እንደዚያው ነበር የምለው።

ስለዚህ ቅዳሜ ቱታዬን ለብሼ ወይዘሮ ሙሉነሽ መኪናዋን ያስገባችበት ጋራዥ ሄድኩ። መርማሪ መኪና አይሠራም፤ ይህን አውቃለሁ። ቁልፍም ብየዳም አልነካሁም። ሥር ተኝቼ ለበያጁ በጠመኔ አሰመርኩለት፤ ብረቱ እዚህ ይግባ፣ እዚህ ከሻንሲው ተሻጋሪ ብረት ጋር ይያያዝ፣ ብየዳው ላሜራውን እንዳያቃጥለው በየጣልቃው ይረፍ። በያጁ፣ "ጋሼ፣ ይሄ ባቡር ነው ወይስ የተማሪ መኪና?" ይለኛል። ወይዘሮ ሙሉነሽ በር ላይ ቆማ እጇን አጣጥፋ ታየኛለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለውም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላም ተመለስኩ። ረቡዕ መኪናው መጣ፤ ሥሩን አየሁ፣ ቁጥሩን መታሁ፣ ፈረምኩ። ኬና ሐሙስ ከባጃጅ ወርዶ ሰርቪሱ ላይ ተመለሰ።

ጡረታዬ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ቢሮ ስልክ ተደወለ። "ከወንጂ ማዞሪያ አለፍ ብሎ የተማሪ ሰርቪስ ተገልብጧል፤ መርማሪ ይምጣ።" ሰሌዳውን ጠየቅሁ። ነገሩኝ። የወይዘሮ ሙሉነሽ መኪና ወንበሮች ላይ በመዶሻ የመታሁት ቁጥር ነው።

መንገዱን እንዴት እንደጨረስኩት አላስታውስም። የማስታውሰው ትዕግሥትን ነው። ማሽን ላይ ሆነው ስልክ አይዙም፤ ለዕረፍት ስትወጣ ስልኳን ትከፍታለች፣ ሰው ይነግራታል። ከዚያ በፊት ምን እንደምላት ማወቅ ነበረብኝ።

አሸዋ የጫነ ገልባጭ ከጎን መትቶት መኪናው ቦዩ ውስጥ በጎኑ ተኝቷል። ልጆቹን የአካባቢው ሰው በኋላው በር አውጥቷቸዋል። መንገድ ዳር ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ሞግዚቷ ስም እየጠራች ታለቅሳለች። ሰማያዊ ዩኒፎርም ሁሉ ኬና መሰለኝ። ከመጨረሻው አጠገብ አገኘሁት። ከንፈሩ ደም አለው።

"አያቴ" አለኝ፤ "መኪናው ተኛ። እኛ ግን ታስረን ቀረን።"

"የት ነው ያመመህ?"

"ጥርሴ ሄደች። ፈልግልኝ።"

አቀፍኩትና ዓይኔን እስካብስ ድረስ አልለቀቅሁትም። የጤና ጣቢያ ሰዎች ልጆቹን አንድ በአንድ አዩ። ጭረት አለ፣ ቀበቶው ያረፈበት ሰንበር አለ፣ ብዙ ልቅሶ አለ። የተሰበረ የለም።

ከዚያ ሥራዬን ልሥራ ብዬ በጉልበቴ ወደ መኪናው ገባሁ። መኪናው በጎኑ ስለተኛ ወንበሮቹ ከግድግዳ የበቀሉ ይመስላሉ። አንድ እግር ተጣሟል። የተነቀለ የለም፤ አንድም። መዳፌን መደገፊያው ላይ አድርጌ እዚያው እየተንሰቀሰቅኩ አለቀስኩ። የሐዘን አልነበረም። ለዓመታት ጀርባዬ ላይ የነበረ ነገር ሲወርድ የተሰማኝ ነው።

ስወጣ ወይዘሮ ሙሉነሽ ደርሳለች። ነጠላዋ ወድቋል፣ አላነሳችውም። ሁለት ልጆች ጭኗ ላይ አስቀምጣለች።

"ያን ብረት ሲበይዱ ስንቴ እንደረገምኩዎት ቢያውቁ!" አለችኝ።

"አውቃለሁ፤ ጆሮዬ ሲጮህ ነው የሰነበተው።"

ስትስቅ እንባዋ ወረደ። ያን ጊዜ ስልኬ ጮኸ፤ ትዕግሥት ናት። ሰላምታ እንኳ አላስቀደምኩም፤ "ደኅና ነው፣ ሁሉም ደኅና ናቸው፣ ስሚ ድምፁን" ብዬ ስልኩን ለኬና ሰጠሁት። እሱ የነገራት ስለ ጥርሱ ብቻ ነው።

ወጣቱ ትራፊክ ፖሊስ ቅጹን መኪናዬ ላይ አስደግፎ ይሞላ ጀመር። የሰው ጉዳት የሚለው ላይ ደረሰ። ሞት፣ የለም። ከባድ ጉዳት፣ የለም። ቀላል ጉዳት ላይ ጭረትና ሰንበር ብሎ ጻፈና ቀና አለ።

"አንድ የወተት ጥርስ ጨምርበት" አልኩት።

"ጋሼ፣ እሱማ ዛሬ ባይወድቅ ነገ በራሱ ይወድቅ ነበር። ይሄ ይጻፋል?"

"ጻፈው ልጄ" አልኩት፤ "ሌላ የሚጻፍ የለንም።"